«መጀመሪያ ኬሞ» ማለት «ኦፕራሲዮን የለም» ማለት አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ሦስተኛ ደረጃ የኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ተብለዋል፤ ሞራውንና ትልቁን አንጀት ይዟል። አንዱ ሐኪም «ቶሎ ኦፕራሲዮን»፣ ሌላው «መጀመሪያ ኬሞ» (የካንሰር መድኃኒት) ብሏችኋል። አጎትሽ ደግሞ «ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል» ብለው ቤቱን አምሰውታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ታላቅ እህቴን በዚሁ በሽታ ስላስታመምኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከአጎትሽ ልጀምር። ይህ በሽታ ለመሰራጨት ቢላ አይጠብቅም። ሴሎቹ ከእንቁላል ማምረቻው ይረግፉና ሆድ ውስጥ ባለው ፈሳሽ እየተንሳፈፉ ሞራው ላይ፣ አንጀቱ ላይ፣ ከጉበት በላይ ያለው ድያፍራም (ሆድንና ደረትን የሚለየው ጡንቻ) ላይ ይለጠፋሉ። የእህቴ ሐኪም የወረቀት ጀርባ ላይ ሆድ ስሎ፣ በእስክሪብቶ ነጠብጣብ እያደረገ «እንደ ጤፍ ተበትኗል» ነበር ያለን። ቢላው የሚገባው ይህንን ለመልቀም ነው።

ስለዚህ ሐኪሞቹን በዋናነት የምትጠይቂው «ስትጨርሱ ምን ይቀራል ብላችሁ ትገምታላችሁ?» የሚለውን ነው። ድሮ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከቀረ ጥሩ ነው ይባል ነበር። አሁን የሚፈለገው በዓይን የሚታይ ምንም እንዳይቀር ነው። ዛሬ ቢከፈት ሁሉም አይወጣም ተብሎ ከተፈራ፣ ወይም ታማሚዋ በጣም ከተዳከመች፣ ኬሞው ይቀድማል። አብዛኛውን ጊዜ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክስል የሚባሉት የኬሞ መድኃኒቶች በየ21 ቀኑ 3 ዙር ይሰጣል፣ ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ኦፕራሲዮን ይደረጋል፣ ከዚያ ቀሪው ኬሞ ይቀጥላል።

በፈረንጆቹ 2010 የታተመ፣ ከ600 በላይ ሴቶችን የያዘ ጥናት አለ። ኬሞ የቀደመላቸውና ኦፕራሲዮን የቀደመላቸው የኖሩት ዕድሜ ተቀራራቢ ነበር። በሁለቱም ወገን ትልቁን ልዩነት ያመጣው ዕጢው ጨርሶ መውጣቱ ነው። ክርክሩ ግን ዛሬም አልተዘጋም። ሰውነቷ ከጠነከረና ሁሉም ይወጣል ከተባለ በቀጥታ መክፈትን የሚመርጡ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ሁለቱ ሐኪሞቻችሁ የተለያየ ነገር ስላሉ አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

እህቴ ኬሞ የቀደመላት ሆዷ ውሃ ቋጥሮ፣ መቀመጥ እንኳን አቅቷት ስለነበር ነው። በኬሞው መሀል ያለውን ጊዜ ለምግብ ተጠቀሙበት፤ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ፕሮቲኗ ወርዶ ነበር። ጾም ስለሆነ እንቁላል አልበላም ብላ አስቸገረች። የነፍስ አባቷ መጥተው «ሕመምተኛ ነሽ፣ ብዪ» ሲሏት ነው እሺ ያለችው። እናትሽም ጿሚ ከሆኑ ነገሩን ቀድመሽ ከነፍስ አባታቸው ጋር ተነጋገሪ፤ የአንቺን ምክር ላይሰሙ ይችላሉ።

ኦፕራሲዮኑ ትልቅ ነው። ከእምብርት በላይ ጀምሮ ወደ ታች ይከፈታል። ማህፀኑ፣ ሁለቱም ኦቫሪዎች ከነቱቦዎቻቸው፣ ሞራው ይወጣል። አንጀት ከተያዘ የተያዘው ተቆርጦ ይቀጠላል። አንዳንዴ ስፌቱ እስኪድን፣ አንዳንዴም በቋሚነት፣ ሰገራ ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት እንዲወጣ ይደረጋል። ይሄንን ለእናትሽ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ከማደንዘዣ ነቅተው ሆዳቸው ላይ ከረጢት ሲያዩ መደንገጥ የለባቸውም። ጣፊያ የሚወጣበትም ጊዜ አለ፤ ያኔ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር መከላከያ ክትባት ስለሚያስፈልግ ጠይቂ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የሚመጣው ጥያቄ «አየር ወጣ ወይ?» ነው። አንጀት መሥራት መጀመሩ የሚታወቀው በፈስ ነው። እህቴ ዓይን አፋር ነች፣ ግን ያን ቀን ለዶክተሩ በኩራት ነበር የነገረችው! ክፍሉ በሙሉ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። በተረፈ ቶሎ ብድግ ብለው እንዲራመዱ አግዟቸው። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መርፌ ቤት ከገቡ በኋላም ሊቀጥል ስለሚችል ትእዛዙን ሳትቀበሉ አትውጡ።

ማን ይሠራዋል የሚለው ላይ ድርቅ በይ። ተራ የማህፀን ሐኪም ሳይሆን፣ በማህፀንና በኦቫሪ ካንሰር ቀዶ ሕክምና የሰለጠነ ይሁን፤ አንጀት የሚሠራ ቀዶ ሐኪምም አጠገቡ ይኑር። በጥቁር አንበሳም በጳውሎስም እንዲህ ያሉ ስፔሻሊስቶች አሉ። እኛ መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ (ስሙን ልተወው) ከፍተው ናሙና ብቻ ወስደው ዘጓት። ያ ሁሉ ስፌት በከንቱ ሆነ። ደም የሚሰጡ ዘመዶችንም ከአሁኑ አዘጋጂ።

ውጭ ያሉ ዘመዶች «ሕንድ ሄዳችሁ ሙቅ ኬሞ አስደርጉ» ይላሉ፤ ሆድ ውስጥ የሚዘዋወር የሞቀ የኬሞ መድኃኒት ማለት ነው። በ2018 የወጣ የሆላንድ ጥናት ኬሞ ቀድሞላቸው በተሠሩ ሴቶች ላይ ጥቅም አሳይቷል። ነገር ግን እዚያው ኦፕራሲዮኑ ላይ ዕጢው ከወጣ በኋላ የሚጨመር ነው፤ ዕጢውን ማውጣትን አይተካም። እኔ ብሆን በዚህ ምክንያት ብቻ ቤት አልሸጥም።

የእህቴ በሽታ ከጊዜ በኋላ ተመልሷል፤ ብዙዎች ላይ ይመለሳል። አሁንም ሕክምና ላይ ናት፣ ቡናዋን ራሷ ታፈላለች። ሐኪሟ ቢአርሲኤ የሚባለውን የዘር ምርመራም አዞላት ነበር። በዘር የሚተላለፈው የቢአርሲኤ ጂን ለውጥ እናትሽ ላይ ከተገኘ የሚሰጣቸው መድኃኒት ሊጨምር ይችላል፤ ያኔ አንቺና እህቶችሽም መመርመር ይኖርባችኋል።