ኦርዌል ወዛደሩን ይንቅ ነበር ወይስ ያከብር?

ወንድሜ፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል ወዛደሩን ያከብር ነበር ወይስ ይንቅ ብለህ ለጠየቅኸው፣ መልሱ እንደ መጽሐፉ ይለያያል። ሰውየው ያደገው «ሠራተኞች ይሸታሉ» እየተባለ ነው። ይህንንም በ1937 እ.ኤ.አ. ስለ እንግሊዟ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከተማ ዊጋን ባሳተመው መጽሐፍ ሳይደብቅ ጽፎታል።

እዚያው መጽሐፍ ላይ አንዲት ሴት አለች። እሱ ባቡር ውስጥ ነው። እሷ ጓሮዋ ውስጥ በዚያ ብርድ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ በእንጨት ትጎረጉራለች። ቀና ስትል ፊቷን አየው። ድሆች ለምደውታል፣ እንደኛ አይሰማቸውም የሚባለው ውሸት መሆኑን ያን ፊት አይቶ ጻፈ። ይህን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከዚያ ስፔን ሄደ። በ1936 መጨረሻ ባርሴሎና ሲደርስ ከተማዋ በሠራተኞች እጅ ነበረች፤ አስተናጋጆች ደንበኛውን ዓይን ዓይኑን እያዩ እንደ እኩያ ያስተናግዱታል፤ ቲፕ ክልክል ነው። ርኅራኄው እምነት የሆነው እዚህ ይመስለኛል።

«የእንስሳት እርሻ» (1945) በተባለው ልብወለዱ ላይ ግን ሐዘን ገባበት። ወዛደሩን የሚወክለው ቦክሰር የሚባል ታታሪ ፈረስ ጉልበቱ ሲያልቅ እርሻውን የሚገዙት አሳማዎች ለአራጅ ሸጡት፣ በገንዘቡም ውስኪ ገዙ።

«1984» በተባለው ልብወለዱ ላይ ደግሞ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊንስተን ተስፋ ካለ ያለው ፕሮሎቹ፣ ማለትም ወዛደሮቹ፣ ዘንድ ነው ይላል። በመስኮት የሚያያት ወፍራም ሴት እየዘፈነች የሽንት ጨርቅ ታሰጣለች። ቆንጆ ናት ይላል። ግን አንዲት ቃል አያናግራትም። ኦርዌል ናቃቸው የሚሉት ይህን ይዘው ነው። እኔ አልስማማም፤ ንቀት ሳይሆን የርቀት ፍቅር ነው።