ጉልላቱን ያወረድኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ «ጋሼ፣ የጭቃ ቤት ሲታደስ ሲሚንቶ ቢነካው ምን አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። «አይሆንም» ብዬ ሸኘሁት፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ።

በ1989 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር ወጣ ባለች አንዲት መንደር የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት፣ እነሱ መስጊድ የሚሉት፣ ክዳኑ እያፈሰሰ ግድግዳው ሊናድ ደርሶ ነበር። ባለቤቶቹ የሉም። ከፊሎቹ በ1977 በሱዳን በኩል ወጥተዋል፤ የቀሩት ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ አብረው ሄደዋል። እድሳቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ወጣት መሐንዲስ ነኝ፣ ሁሉን አውቃለሁ! ግድግዳውን በሲሚንቶ አስለሰንኩ፤ ሳሩን አንስቼ ቆርቆሮ አስመታሁ።

ጫፉ ላይ ቀይ የሸክላ ማሰሮ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መስቀል እንዳላት ሁሉ የመስጊድ ምልክቱ ያ ሸክላ ነው። አናጢው «ይሄስ?» ቢለኝ «አውርደው» አልኩት። አንዲት ክርስቲያን ጎረቤት፣ እድሜያቸው የገፋ፣ ማሰሮውን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉና «የእሷ እጅ ነው፤ ከአንድ ወንዝ ነበር የምንቀዳ» አሉኝ። የማን እጅ? አልጠየቅኩም። መኪና እየጠበቀኝ ነበር።

ሦስት ክረምት አልቆየም። እርጥበቱ ከሲሚንቶው በስተጀርባ መውጫ አጥቶ ማገሩን አበሰበሰው፤ ልስኑም እንደ ቅርፊት ተገሸለጠ። ከሥሩ የድሮው ምርግ ታየ፤ ጭዱ ቢጫ እንደሆነ፣ የሴት ጣቶች ያለፉበት አራት አራት መስመር ሳይጠፋ።

ጎንደር አጠገብ፣ የቤተ እስራኤል መንደር በነበረችው ወለቃ ላይ ለቱሪስት የሚሸጡትን የሸክላ አንበሶች ሳይ አሁንም ያ መስመር ትዝ ይለኛል። ሁለት ገዝቼ አንዱን የልጅ ልጄ ሰብሮታል።

እናንተ የዛሬ ተማሪዎች በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ማታውን ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ሕንፃ ታቆማላችሁ። ያስቀናል። ጭድ ከጭቃ ጋር ሲቦካ እስኪሸት መቆየት ግን የሚችል አላየሁባችሁም። እኔስ ችዬ ነበር? ቆርቆሮውንም ቢሆን ዛሬ ብጠየቅ ሳልመታው አልቀርም፤ የሳር ክዳን በየጊዜው የሚያድስለት ሰው ይፈልጋል፣ ሰዎቹ ደግሞ ሄደዋል።

ኋላ ስመለስ ሴትዮዋ አርፈው ደረስኩ። ማሰሮው ደጃቸው ላይ ተቀምጧል፤ ጤና አዳም በቅሎበታል።