ቁልፉ ተጭኗል፣ ኤዲተሩ ግን አልሰማም፦ የተርሚናል አቋራጮች ጥያቄና መልስ

በቪም ወይም በናኖ (ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ውስጥ የሚሠሩ የጽሑፍ ኤዲተሮች ናቸው) አልሠራ ያላችሁን የቁልፍ አቋራጭ ጠይቁ። ስትጠይቁ የኤዲተሩን ስም ብቻ ሳይሆን በምን ተርሚናል እንደምትሠሩና ቲመክስ (አንዱን ተርሚናል ለብዙ የሚከፋፍል ፕሮግራም) ውስጥ መሆን አለመሆናችሁንም ጻፉልኝ፤ ቁልፉ ኤዲተሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ቪም ላይ ሴቭ ላድርግ ብዬ ኮንትሮል+ኤስ ስጫን ስክሪኑ ድርቅ ይላል። መስኮቱን ዘግቼ እወጣለሁ፣ የጻፍኩትም ይጠፋል።

መልስ፦ አትዝጊው! ኮንትሮል+ኪው ተጫኚ፣ ይለቅሻል። ኮንትሮል+ኤስን የያዘው ቪም ሳይሆን ተርሚናሉ ነው፤ ከቴሌታይፕ ዘመን የወረሰው «ማሳየት አቁም» የሚል ምልክት ነው። ደርቆ እያለ በንዴት የነካካሽው ቁልፍ ሁሉ ሲለቀቅ አንድ ላይ ስለሚፈጸም እጅሽን ሰብስቢ። እንዳይደገም ሼል (ተርሚናሉ ላይ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ላይ ኤስ-ቲ-ቲ-ዋይ ብለሽ፣ ክፍት ቦታ ትተሽ፣ ሰረዝ (-) እና አይ-ኤክስ-ኦ-ኤን ጻፊ፤ ይህ ለዚያ መስኮት ብቻ ስለሆነ ለዘለቄታው ከፈለግሽ ሼሉ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል ውስጥ አስገቢው። ያኔም ቢሆን ቁልፉን ራስሽ ከሴቭ ጋር ካላገናኘሽው አያስቀምጥም። ጠፋ ያልሽውም ምናልባት አልጠፋም፦ ፋይሉን ስትከፍቺ ቪም ስዋፕ ፋይል (ስትጽፊ ለጥንቃቄ የሚይዘው ጊዜያዊ ቅጂ) አገኘሁ ካለሽ ሪከቨር የሚለውን ምረጪ።

ጥያቄ፦ ኮንትሮል+አይን ለራሴ ትእዛዝ መደብኩት፤ አሁን ታብም ያንኑ ይሠራል።

መልስ፦ ለተርሚናሉ ሁለቱ አንድ ናቸው። በአስኪ (ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ) ትልቁ አይ 73 ነው፤ ኮንትሮል 64 ይቀንስበትና 9 ይቀራል፣ 9 ደግሞ ታብ ነው። በዚሁ ስሌት ኮንትሮል+ኤም 13 ሆኖ ኢንተር ይሆናል። ሺፍት ጨምረህ ለመለየት ብትሞክርም በተለመደው ተርሚናል ልዩነቱ አይተላለፍም። እንደ ኪቲ ያሉ አዳዲሶቹ ተርሚናሎች የሚለዩበት መንገድ አላቸው፣ ግን ኤዲተሩም ሊያውቀው ይገባል። እኔ ብሆን ሌላ ቁልፍ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ኮንትሮል+ዜድ ነክቼ ኤዲተሩ ድራሹ ጠፋ።

መልስ፦ ከጀርባ ቆሞ ይጠብቅሻል። ኤፍ-ጂ ብለሽ ኢንተር።

ጥያቄ፦ ማክ ላይ በናኖ የመጨረሻውን ለውጥ የሚመልሰው አልት+ዩ (አንዱ) አይሠራም።

መልስ፦ እዚያ ኦፕሽን ልዩ ፊደል መጻፊያ ነው። ከተርሚናሉ ሴቲንግ ኦፕሽንን እንደ ሜታ (ማለትም እንደ አልት) እንዲቆጥር አድርገው። እስከዚያው ኤስኬፕን ነካ አድርገህ ልቀቅና ዩን ተጫን።

ጥያቄ፦ አማርኛ ጽፌ ኤስኬፕ ካልኩ በኋላ የቪም ትእዛዞች እንቢ ይላሉ።

መልስ፦ ኪቦርዱ አሁንም አማርኛ ላይ ነው፤ ቪም የሚደርሰው የግዕዝ ፊደል ነው። ወደ እንግሊዝኛ መልሰው።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ማን እንደያዘው በምን ልወቅ?

መልስ፦ ከኤዲተሩ ወጥተህ ሼል ላይ ኮንትሮል+ቪ፣ ቀጥሎ ያስቸገረህን ቁልፍ ተጫን። ምንም ካልታየ ዴስክቶፑ ወይም የተርሚናሉ መስኮት ወስዶታል። ቲመክስ ውስጥ ከሆንክ ኮንትሮል+ቢ የእሱ ነው፤ ለቪም እንዲደርስ ሁለቴ ተጫነው። ኮዱ ከታየ ግን ጥፋቱ ኤዲተሩ ውስጥ ነው፦ ቪም ላይ በሁለት ነጥብ (:) ጀምረህ «ቨርቦዝ ማፕ» ከነቁልፉ ብትጽፍ የትኛው ፋይል እንደቀየረው ይነግርሃል። አብዛኛውን ጊዜ ፕለጊን (ቪም ላይ የተጨመረ ቅጥያ) ነው።