ለትልቅ የእንጨት ቅርጽ መሮ መምረጥና ስለት ማውጣት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሰበታ ዳርቻ በአናጺነት የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ክረምት በነፋስ የወደቀ የጓሮ ዋንዛ ገዝቼ ግንዱን ግቢዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ቁመቱ 2 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በወፍራሙ በኩል አግድሙ 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አንድ የመናፈሻ ባለቤት በበራቸው ላይ የሚቆም፣ የፊት እግሮቹን ተክሎ የተቀመጠ አንበሳ እንድቀርጽላቸው ጠይቀውኛል። እስከ ዛሬ የሠራሁት በር፣ አልጋና ወንበር ስለሆነ ያሉኝ መሮዎች ሁሉ አፋቸው ቀጥ ያለ ነው። መርካቶ ውስጥ በአንድ ሳጥን 12 መሮ የያዘ ዕቃ አይቻለሁ፤ እሱን ልግዛ? ስለቱንስ በምን ላውጣ? እስካሁን የምስለው በእጅ ግራይንደር ነው።

መልስ፦ የሳጥኑን መሮ እንዳይገዙ እንመክርዎታለን። እንዲህ በሳጥን የሚሸጡት በአብዛኛው አፋቸው ጠባብ፣ እጀታቸው አጭር፣ ለመስታወት ፍሬምና ለትንንሽ ጌጥ የታሰቡ ናቸው። በደብረ ዳሞ ጣራ ላይ የሚታዩት የእንስሳት ቅርጾች ሳንቃ ላይ የወጡ ናቸው፤ የእርስዎ ሥራ ግን ከሙሉ ግንድ ስለሚወጣ ለኮንሶ ዋካ፣ ማለትም ለሟች መታሰቢያ ለሚቆመው የእንጨት ሐውልት፣ ይቀርባል። በእንዲህ ያለ ሥራ ከሚነሣው እንጨት ውስጥ አብዛኛው የሚነሣው ዓይን፣ አፍንጫና ጎፈር ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ ገንዘብዎን በቅድሚያ ብዙ እንጨት በአንዴ በሚያነሡ መሣሪያዎች ላይ ያውሉ።

የመጀመሪያውን ቅርጽ በመጋዝና በደንብ በተሳለ መጥረቢያ ያወጡታል። በመጋዝ ወደ ውስጥ እየቆረጡ፣ በቁርጦቹ መካከል ያለውን በመጥረቢያ መፈንቀል በአናጺነት የለመዱት ነገር ነው። በእግሮቹና በሆዱ መካከል ላለው ጎድጓዳ ስፍራ ግን ስለቱ እንደ ዶማ አግድም የተገጠመ መጥረቢያ ያስፈልግዎታል፤ ከሌለዎት ለአንጥረኛ ማሠራት ይቻላል። ከዚያ በኋላ አራት መሮ ይበቃዎታል እንላለን። አንዱ አፉ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚሰፋና መካከለኛ ጉብጠት ያለው ሲሆን፣ የሥራውን ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው እሱ ነው። ሁለተኛው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ጉብጠቱ እምብዛም የማይታወቅ፣ ጀርባውንና ጎኑን ለማለስለስ የሚሆን ነው። ሦስተኛው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚሰፋና በጥልቀት የጎበጠ፣ የጎፈሩን ሸለቆዎች የሚያወጣ ይሁን። አራተኛው አፉ የቪ ቅርጽ ያለው፣ የጎፈሩን መስመርና የጣቶቹን ክፍፍል የሚያወጣ ነው። ለመቀመጫውና ለቀጥታ ጠርዞች በእጅዎ ያሉት መሮዎች ይበቃሉ።

ሱቅ ውስጥ በአንዳንዱ መሮ አንገት ላይ የተቀረጸ ቁጥር ያያሉ። በመሣሪያ ሥራ በታወቀችው የእንግሊዝ ከተማ በሼፊልድ አቆጣጠር ቁጥር 1 ቀጥ ያለ አፍ ሲሆን፣ ከ3 ጀምሮ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጉብጠቱ እየጨመረ ሄዶ 11 ላይ የዩ ቅርጽ ይይዛል። የስዊስ ሠሪዎች አቆጣጠር በጥቂቱ ስለሚለይ በቁጥሩ ብቻ አይመኑ። የመሮውን አፍ ወረቀት ላይ ጫን ቢያደርጉት የሚተወው ቅስት ከቁጥሩ የበለጠ ይነግርዎታል። ወደ ገበያ ሲወጡ ትንሽ ሞረድ ይዘው ይሂዱና በባለሱቁ ፈቃድ ከስለቱ አጠገብ፣ በማይታይ ቦታ፣ በቀስታ ይሞክሩ። ሞረዱ ብረቱን ሳይነክስ ከተንሸራተተ ጠንካራ ብረት ነው፤ እንደ ሚስማር ከሞረደው ግን ቀለሙና ማኅተሙ ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት። መምቻውን መግዛት አያስፈልግዎትም፤ ከደረቀ ወይራ የሚሠሩት የእንጨት መዶሻ የመሮውን እጀታ ከብረት መዶሻ የተሻለ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ስለቱ እንምጣ፤ ከመሣሪያ ምርጫውም ይልቅ ሥራዎን የሚያቀናው ወይም የሚያበላሸው እሱ ነው። የእጅ ግራይንደር በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ስለሚሽከረከር ቀጭኑን የስለት ጫፍ በቅጽበት ያግለዋል። ጫፉ ሰማያዊ ቀለም ካሳየ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ጥንካሬውን አጥቷል ማለት ነው፤ ያ ሰማያዊ ክፍል በሙሉ ተነሥቶ ካላለቀ በቀር ከዚያ በኋላ ቢስሉት ስለቱ አይቆይም። ስለዚህ ማሽኑን የተሸረፈ አፍ ለማስተካከል ብቻ ይጠቀሙበት፤ ያንንም ብረቱን በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየነከሩ ያድርጉት።

ለዋንዛ 25 ዲግሪ ገደማ የሆነ ስለት ይስማማል። መለኪያ ባይኖርዎትም የብረቱ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በስለቱ በኩል የተዳፋው ፊት ስፋት 7 ሚሊ ሜትር ሲሆን ወደ 25 ዲግሪ፣ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ደግሞ 30 ዲግሪ ነው። እንደ ወይራ ላለ ጠንካራ እንጨት ወደ 30 ዲግሪ መጠጋት ይሻላል።

የሚስሉበት ድንጋይ አንዱ ባለ 1,000፣ ሌላው ከ4,000 እስከ 6,000 ቁጥር ያለው ቢሆን መልካም ነው። ይህ ካልተገኘ የመኪና ቀለም የሚሸጡ ሱቆች የሚይዙትን፣ ውሃ የማይጎዳውን የብርጭቆ ወረቀት በ400፣ በ1,000 እና በ2,000 ቁጥር ገዝተው ወፍራም መስታወት ወይም የእብነ በረድ ቁራጭ ላይ በውሃ ቢለጥፉት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። የጎበጠውን መሮ ሲስሉ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ አስተኝተው፣ ወደ ጎን እየተጓዙ የእጅዎን አንጓ በማዞር ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ያንከባልሉት። ብዙ ሰው መሐሉ ላይ ስለሚያዘወትር ጥጎቹ ወጣ ብለው ይቀራሉ፤ አፉን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩ ነጭ መስመር የሚያብለጨልጭበት ቦታ ገና አልተሳለም ማለት ነው። በውስጠኛው በኩል በጣት ሲዳሰስ የሚቧጥጥ፣ እንደ ክር የቀጠነ የብረት ቅሪት ከጥግ እስከ ጥግ ሲወጣ ውጫዊው በቅቷል። ያንን ቅሪት በክብ እንጨት ላይ በጠቀለሉት ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ከውስጥ በኩል ያንሡትና፣ በመጨረሻ ማለስለሻ ቅባት በተቀባ ቆዳ ላይ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ ያብሱት።

መሮው መሳሉን የሚያረጋግጡት በጥፍር ወይም በክንድ ጠጉር ሳይሆን በእንጨት ነው። የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ቁራጭ ይዘው በጅማቱ አግድም ይቁረጡ። የተቆረጠው ፊት ከአብለጨለጨ ደኅና ነው፤ ነጫጭ ጭረት ከተወ ስለቱ ላይ ሽርፍ አለ፤ ጅማቱን ከሰባበረው ደግሞ ገና ዱልዱም ነው። በሥራ ላይ ሳሉ በየሩብ ሰዓቱ ቆዳው ላይ ቢያብሱት ወደ ድንጋዩ የሚመለሱት አልፎ አልፎ ብቻ ይሆናል። መዶሻውን ጠንከር አድርጎ መምታት ካስፈለገዎት ስለቱ እንደደከመ ይወቁ፤ መሮ የሚያመልጠውና እጅ የሚቆርጠውም በአብዛኛው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ግንዱ አልጠየቁንም፤ ይሁንና ስለቱን ስለሚመለከት በአጭሩ እናንሣው። ዋንዛ እርጥብ ሳለ በቀላሉ ይቀረጻልና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አይጠብቁ። የግንዱን ሁለት ጫፎች ሰም ወይም የተረፈ የዘይት ቀለም ይቀቡ፤ በበጋው ነፋስ እንዳይሰነጠቅም ሥራ ባቆሙ ቁጥር በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት። የእርጥብ እንጨት ውሃ መሮውን በአንድ ሌሊት ስለሚያዝገው ማታ ማታ ጠርገው ዘይት ይቀቡት።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ያለ አንጥረኛ ከመኪና ባሌስትራ ሰፊ መሮ ሠርቶልኝ ነበር። ስለቱ በወጣ በጥቂት ምት ይሸራረፋል። ብረቱ መጥፎ ይሆን?

መልስ፦ ባሌስትራ ለመሮ የሚሆን ጥሩ ብረት ነው። የሚሸራረፈው ምናልባት ግሎ ከተነከረ በኋላ በትክክል ስላልተመለሰ፣ ማለትም እንደገና በቀስታ ሞቆ ስብራቱ ስላልቀነሰ ነው፤ ስለቱ ተጣጥፎ ቢሆን ኖሮ ልል ነው እንል ነበር። ነገር ግን ተዳፋቱ ከመጠን በላይ ቀጥኖም ሊሆን ስለሚችል፣ አንጥረኛው ዘንድ ከመመለስዎ በፊት ስለቱን ወደ 30 ዲግሪ አስተካክለው ይሞክሩት። አሁንም ከተሸራረፈ አንጥረኛው ማግኔት እስከማይስበው ድረስ፣ ከዚያም ጥቂት አልፎ፣ አግሎ በውሃ ሳይሆን በዘይት እንዲነክረው ይጠይቁት። ከዚያ ፊቱን አጽድቶ እንደገና በቀስታ ሲያሞቀው፣ በስለቱ በኩል የገለባ መሰል ቢጫ ቀለም እንደታየ ወዲያው ከእሳቱ ያውጣው።