ለፊልምም ለሙዚቃም የሚሆን አምፕሊፋየር አመራረጥ፦ ጥያቄና መልስ

በቤት ውስጥ ፊልም የሚያሳይ፣ ሙዚቃንም ሳያበላሽ የሚያጫውት አንድ አምፕሊፋየር ለመግዛት ያሰባችሁ ሰዎች ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አንዱ አምፕሊፋየር በእያንዳንዱ ቻናል (ለአንድ ስፒከር በሚሆነው መውጫ) 150 ዋት፣ ሌላው 80 ዋት ይሰጣል ተብሎ ተጽፎበታል። የመጀመሪያው በእጥፍ ገደማ ይበረታል ማለት ነው?

መልስ፦ ቁጥሩ የተለካበትን ሁኔታ ሳያነቡ እንዲህ ብለው አይደምድሙ። 150 ዋት የተባለው አንድ ቻናል ብቻ እየሠራ፣ በ6 ኦም (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው)፣ በ1 ኪሎሄርዝ ድምፅ ብቻ፣ የድምፁ መዛባት 10 በመቶ እስኪደርስ ተለክቶ ሊሆን ይችላል፤ 10 በመቶ የተዛባ ሙዚቃ ደግሞ ማንም ተቀምጦ የሚያዳምጠው አይደለም። 80 ዋት የተባለው ሁለት ቻናል በአንድነት እየሠሩ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ (ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ)፣ መዛባቱ ከ0.1 በመቶ በታች ሆኖ የተለካ ከሆነ፣ እኔ ያለማመንታት ይህኛውን እመርጣለሁ። በተረፈ የዋት እጥፍ ማለት የ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ጭማሪ ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ በእጥፍ የጎላ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል የሚያሰማ ስፒከር ትቶ 90 የሚያሰማውን የገዛ ሰው፣ የአምፕሊፋየሩን ጉልበት በእጥፍ ያሳደገ ያህል ነው።

ጥያቄ፦ ለሙዚቃ ከተባለ ባለ ሁለት ቻናሉ እንጂ ባለ ሰባት ቻናሉ አይሆንም የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል እውነት አለው። በአንድ ዋጋ የተሠሩ ሁለት መሣሪያዎች ቢወዳደሩ፣ ባለ ሁለት ቻናሉ ገንዘቡን በሙሉ ለትራንስፎርመሩና ለሁለቱ ቻናሎች ሲያውል፣ ሌላው ለሰባት ቻናል፣ ለምስል ማስተላለፊያና ለብዙ የቴክኖሎጂ ፈቃድ ክፍያ ያከፋፍለዋል። ይሁን እንጂ ሙዚቃ ሲጫወት የሚሠሩት ሁለት ቻናሎች ብቻ ስለሆኑ፣ የባለ ሰባት ቻናሉ የኃይል ምንጭ በሙሉ ለእነርሱ ይውላል። ሁለት መሣሪያዎችን ሳወዳድር ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ ጥቂት ጎልቶ የሚሰማው ሁልጊዜ «የተሻለ» መስሎ መታየቱን ነው፤ የድምፃቸውን መጠን በመለኪያ ካስተካከልሁ በኋላ ግን ልዩነቱ እጅግ ጠብቦ አገኘሁት። በአቅማቸው ልክ እስከሠሩ ድረስ፣ በሁለት ደኅና አምፕሊፋየሮች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ስፒከሮች መካከል ካለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሙዚቃን በእውነት የሚያሻሽለው የትኛው የመሣሪያው ክፍል ነው?

መልስ፦ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የክፍል ማስተካከያውን (ድምፁን ከቤቱ ክፍል ጋር የሚያስማማውን) እና የቤዝ አከፋፈሉን (ወፍራሙ ድምፅ ወደየትኛው ስፒከር እንደሚሄድ የሚወስነውን) ነው። ምክንያቱን በምሳሌ ላስረዳ። የክፍላችሁ ርዝመት 5 ሜትር ቢሆን፣ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 34 ሄርዝ አካባቢ ያለው ቤዝ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያጎለብታል፤ ግድግዳው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሲያጓራ ይሰማዋል፣ ከክፍሉ መካከል የተቀመጠው ግን ጭራሽ ያጣዋል። ይህን የሚያህል ጉድለት ውድ አምፕሊፋየር በመግዛት ብቻ አይድንም። እንደ ዲራክ ላይቭና እንደ ኦዲሲ መልትኢኪው ኤክስቲ32 ያሉ ማስተካከያዎች ግን በማይክሮፎን ለክተው ያለልክ የጎላውን ቤዝ ይቀንሱታል። ማይክሮፎኑን በእጅ አትያዙት፤ በማቆሚያ ላይ፣ በጆሮ ቁመት፣ ከመቀመጫው መደገፊያ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጭንቅላት በሚውልበት ዙሪያ ከቦታ ቦታ እያዛወራችሁ ለኩ። ከቻላችሁ ማስተካከያውን ከ300 እስከ 500 ሄርዝ በታች ብቻ እንዲሠራ መወሰን የሚያስችል መሣሪያ ምረጡ፤ ጥሩ ስፒከር ከዚያ በላይ ያለውን ድምፅ ራሱ አሳምሮ ያሰማልና፣ ያንን መነካካት ብዙ ጊዜ የዘፋኙን ድምፅ ሕይወት ያሳጣዋል። ከዚያም ቤዙን 80 ሄርዝ ላይ ከፍላችሁ ወደ ሰብዉፈሩ (ለቤዝ ብቻ ወደተሠራው ስፒከር) ብትልኩት፣ አምፕሊፋየሩ ከከባዱ ሸክም ይገላገላል።

ጥያቄ፦ ለሙዚቃ «ፒዩር ዳይሬክት» የሚለውን፣ ድምፁን ሳይነካካ በቀጥታ የሚያሳልፈውን አማራጭ፣ ልጠቀም?

መልስ፦ ሞክረው ያዳምጡት፤ ነገር ግን በብዙ መሣሪያዎች ላይ ይህ አማራጭ የክፍል ማስተካከያውንም የቤዝ አከፋፈሉንም ያጠፋል። ሰብዉፈሩ ዝም ሲል «ጥራት ጨመረ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሰሙት የቤዙን መቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ ስፒከሮቼ 4 ኦም ናቸው። ከኋላ ያለውን የኦም መምረጫ ወደ 4 ባዞረው ይበቃል?

መልስ፦ መምረጫው በአብዛኛው የሚሠራው መሣሪያው እንዳይግል የሚሰጠውን ቮልቴጅ በመቀነስ ነው፤ ጉልበት አይጨምርለትም። ስለዚህ አምራቹ በ4 ኦም ስንት ዋት እንደሚሰጥ በግልጽ የጻፈለትን ፈልጉ፤ ከላዩም አየር የሚዘዋወርበት በቂ ክፍተት ተዉለት፣ ሌላ ዕቃ አትደራርቡበት።

ጥያቄ፦ ዛሬ አቅሜ መካከለኛውን ብቻ ይፈቅዳል። በኋላ ለሙዚቃው ማሻሻል ብፈልግ ሁሉን ነገር መለወጥ ይኖርብኛል?

መልስ፦ ዛሬ ሲገዙ ለፊት ለፊቱ ስፒከሮች «ፕሪአውት» (ገና ያልጎላውን ድምፅ ወደ ሌላ አምፕሊፋየር የሚያወጣ መውጫ) ያለውን ከመረጡ አይኖርብዎትም። ነገ የቤት ቲያትር ባይፓስ መግቢያ (የራሱን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ የሚያልፍ መግቢያ) ያለው ባለ ሁለት ቻናል አምፕሊፋየር ገዝተው ከፕሪአውቱ ጋር ያገናኙታል። ፊልም ሲያዩ የድምፁን መጠን የሚወስነው የመጀመሪያው መሣሪያ ይሆናል፣ አዲሱም የፊት ስፒከሮቹን ብቻ ይነዳል፤ ሙዚቃ ሲያዳምጡ ደግሞ ማጫወቻዎን በቀጥታ ወደ አዲሱ ያስገቡና የመጀመሪያውን ያጠፉታል። በዚህ አያያዝ ግን የክፍል ማስተካከያው ለሙዚቃ እንደማይሠራ አስቀድመው ይወቁ፤ ማስተካከያውን የሚፈልጉት ከሆነ ሙዚቃውንም በመጀመሪያው መሣሪያ በኩል ያሳልፉት።