ባንክ ወለድ እየከፈለ ለምን እቁብ?

«ባንክ ወለድ እየከፈለ የደሴ ሰኞ ገበያ ነጋዴ ለምን እቁብ ይጥላል?» ላልከው፦

መጀመሪያ፣ ወሎ ነህ። ለብዙ ሙስሊም ነጋዴ ወለድ ሐራም ነው፤ ስለዚህ ያ ጥቅም ከስሌቱ ይወጣል።

ሂሳቡን ደግሞ እየው። ሃያ ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥል ድምሩ 20,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው 1,000 ጥሎ 20,000 ይዞ ይሄዳል። 19,000ው ያለ ወለድ፣ ያለ ቤት ካርታ የተገኘ ብድር ነው። እስቲ ባንክ ሄደህ ሞክረው! የመጨረሻው ግን አበዳሪ ነው፤ ኑሮ በተወደደ ቁጥር ብሩ ይሳሳበታል።

ታዲያ እሱ ምን አተረፈ? እዚህ ጋ ሥነ ልቦናው ይገባል። እጅ ላይ ያለ ብር ሰርግ ይመጣበታል፣ ዘመድ ይበደረዋል፣ ያልቃል። «የእቁብ ነው» ካልክ ማንም አይጠይቅህም፤ አንተም አትነካውም። በ2017 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው ሪቻርድ ታለር ብርን እንዲህ በአእምሮ ከፋፍሎ መያዝን አጥንቷል። በዚያ ላይ ዳኛውና ጎረቤት ባለሱቁ እያዩህ «ዛሬ አልጣልኩም» ማለት ሞት ነው። ባንክ ሳትቆጥብ ብትቀር ማን ይቆጣሃል?

ልትገባ ካሰብክ ስለ ዋስ ጠይቅ። በልቶ የሚጠፋ አለ። ዋስ ሳይጠራ ብር የሚቆጠርበት እቁብ ከሆነ ይቅርብህ።