አሮጌውን ኤስኪውኤል-ሌጀር ወደ ዴቢያን 12 ስላዛወርኩበት መንገድ

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ በዴቢያን 6 (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና) ላይ ለዓመታት ሲሠራ የኖረውን ኤስኪውኤል-ሌጀር የተባለ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ወደ ዴቢያን 12 ገልብጠው ሲከፍቱት በመግቢያው ገጽ ፋንታ መጀመሪያ የፕሮግራሙ ኮድ እንዳለ ታየ፤ ቀጥሎም «ኢንተርናል ሰርቨር ኤረር» የሚል መልእክት ብቻ መጣ። አዲስ ሶፍትዌር መግዛት ይሻል እንደሆነም ጠይቀዋል። የአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት መዝገብ በዚሁ መንገድ አዛውሬ ስለነበር ያጋጠመኝን እጽፋለሁ። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጣለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ሲጽፏቸው ግን በላቲን ፊደል ነው።

በመጀመሪያ፣ ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ኤስኪውኤል-ሌጀር በፐርል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ መረጃውን በፖስትግሬስ ዳታቤዝ የሚያኖር፣ የድር ሰርቨሩ አፓቺም ሲጂአይ በተባለው ፕሮግራም የማስጀመሪያ ዘዴ በኩል ለእያንዳንዱ ጠቅታ እንደ አዲስ የሚያስጀምረው ሶፍትዌር ነው። የተለወጡት አፓቺ፣ ፐርልና ፖስትግሬስ ናቸው፤ ሦስቱም ድሮ ሳይጠየቁ ይፈቅዱ የነበረውን ዛሬ በግልጽ ካልተነገራቸው አይፈቅዱም።

ኮዱ በገጹ ላይ የታየዎት የሲጂአይ ሞጁል ስላልበራ ነው። ሞጁሉን ያብሩ፣ ለፕሮግራሙ ፎልደር «ኤግዜክ ሲጂአይ» የሚለውን ፈቃድ ይስጡ፣ «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» የሚለውንም ይጨምሩ። አሮጌዎቹን «ኦርደር» እና «ዲናይ» የሚሉ መስመሮች አፓቺ 2.4 በተኳኋኝነት ሞጁል ሊረዳቸው ቢችልም፣ ከአዲሶቹ ጋር ሲደባለቁ ውጤታቸው ስለሚያደናግር ሁሉንም ይተኳቸው። ሲተኩ ግን «ዩዘርስ» የተባለውን ፎልደር የሚዘጋውን መስመር እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ። በውስጡ ያለው «ሜምበርስ» ፋይል የተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል ይይዛል፤ የዳታቤዙም የይለፍ ቃል እዚያው አለ፤ እሱ ደግሞ በሌላ ፊደል የተገለበጠ እንጂ የተመሠጠረ ስላልሆነ ማንም በአንድ መስመር ኮድ ይፈታዋል። እኔ ይህን መስመር ረስቼ ነበር፤ ያወቅሁትም የፋይሉን አድራሻ በብራውዘር ጽፌ ይዘቱ ፊቴ ሲዘረገፍ ነው። «ሪኳየር ኦል ዲናይድ» ብለው ይዝጉትና እንደ እኔ በብራውዘር ይሞክሩት።

«ኢንተርናል ሰርቨር ኤረር» ያለው ሳይሆን አይቀርም ፐርል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ፐርል 5.26 ጀምሮ፣ ፐርል ሞጁሎችን ሲፈልግ የሚሠራበትን ፎልደር በራሱ አያይም፤ ዴቢያን 12 ደግሞ የሚያመጣው 5.36ን ነው። ኤስኪውኤል-ሌጀር ግን የራሱን ሞጁሎች በዚያ ልማድ ይጠራል። መፍትሔው በአፓቺ ማዋቀሪያ ውስጥ በ«ሴት ኤንቭ» ትእዛዝ «ፐርል5ሊብ» የተባለውን ተለዋዋጭ ወደ ፕሮግራሙ ፎልደር ማመልከት ነው። አንዳንዶች የመግቢያውን ፋይል ብቻ ያርሙና ገጹ ሲከፈት ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። በእኔ ቅጂ ግን ዋናው የማዋቀሪያ ፋይል የሚጠራው ስሕተትን በሚውጥ መንገድ ስለነበር፣ ፋይሉ ሳይገኝ ሲቀር ፕሮግራሙ ምንም ሳይናገር በራሱ ነባሪ ምርጫዎች መሥራቱን ቀጠለ፤ ሁለት ቀን የፈጀብኝም የፒዲኤፍ ምርጫ ከደረሰኝ ገጽ ለምን እንደጠፋ ፍለጋ ነበር።

ወደ ፖስትግሬስ ስንመጣ፣ የዴቢያን 12 ፖስትግሬስ 15 ነው፤ የእሱ «ፒጂ ደምፕ» የተባለው የመቅጃ መሣሪያ ከ9.2 በፊት ካሉ ሰርቨሮች መረጃ አይቀዳም፤ የዴቢያን 6 ደግሞ 8.4 ነበር። ስለዚህ ቅጂውን በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ በራሱ መሣሪያ ያውጡ። የዳታቤዙን ተጠቃሚ የይለፍ ቃልም በአዲሱ ሰርቨር ላይ እንደገና ያስገቡት፤ በድሮው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ዘዴ በኤምዲ5 የተቀመጠው፣ አዲሱን ዘዴ ስክራምን በሚጠይቅ ሰርቨር ላይ አያስገባምና።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የአማርኛው ጽሑፍ ነበር። የድሮዎቹ ገጾች የግዕዝ ፊደል በሌለበት በላቲን-1 የፊደል አቀማመጥ ስለነበሩ፣ ብራውዘሩ የግዕዝ ፊደል ሲገባለት ፊደሉን ትቶ የፊደሉን ቁጥር ይልክ ነበር፤ «አ» በዳታቤዙ ውስጥ አ ሆኖ ተቀምጧል። በብራውዘር ሲታይ መልሶ ፊደል ስለሚሆን ማንም አላስተዋለውም፤ ፒዲኤፍ ደረሰኝ ስናወጣ ግን ስሙ የቁጥር ሰልፍ ሆኖ ወጣ። አንዱ ፊደል ሰባት ቦታ ሲይዝ፣ የደንበኛ ስም ደግሞ 64 ቦታ ብቻ ስላለው፣ ከዘጠኝ ፊደል በላይ አይገባም ማለት ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የድርጅቶችን ስም እየቆረጠች የምትጽፈው በስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፕሮግራሙ አላስገባ እያላት ኖሯል። ዳታቤዙን የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 ፈጥሬ፣ በአንድ አጭር ስክሪፕት ቁጥሮቹን ወደ ፊደል መለስኳቸው፤ ይህንንም በመጀመሪያ በግልባጭ ላይ ሞክሬ ነው። ደረሰኙ በአማርኛ እንዲታተም ደግሞ ፒዲኤፉን የሚያዘጋጀውን ፒዲኤፍላቴክን የግዕዝ ፎንት በሚቀበለው በዚላቴክ ተክቼ በቴምፕሌቱ ውስጥ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ፎንትን አስገባሁ።

ቀጥሎ የሚያስደነግጥዎ የሙከራ ሚዛኑ ነው። ከዝውውሩ በፊትና በኋላ የእያንዳንዱን ሒሳብ ድምር በቀጥታ ከዳታቤዙ አውጥቼ ባስተያይ፣ በአሮጌው 0.3 የነበረው በአዲሱ 0.30000000000000004 ሆኖ የሚታይባቸው መስመሮች ብዙ ነበሩ። መረጃው የተበላሸ መስሎኝ ሥራውን አቋርጬ ነበር። ምክንያቱ ግን የድሮው ኤስኪውኤል-ሌጀር ገንዘብን አስርዮሽን በግምት በሚይዝ በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር ማስቀመጡ፣ ፖስትግሬስም ከቨርዥን 12 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ቁጥር ሳያጠጋጋ እንዳለ ማሳየቱ ነው። ድምሩ ድሮም እንዲሁ ነበር፤ አሁን ግልጽ ሆኖ ታየ እንጂ። ሁለቱንም ወደ ሁለት አስርዮሽ አጠጋግተው ያስተያዩ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ሳንቲም እንኳ ብትለይ እውነተኛ ልዩነት ናትና ይከታተሏት።

አዲስ ስለመግዛት ላነሱት፣ እኔ የሚያስቸኩል ምክንያት አላየሁም፤ ነገር ግን ፕሮግራሙን ለኢንተርኔት ክፍት አድርገው እንዳይተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። ሌጀርኤስኤምቢ የተባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 ከኤስኪውኤል-ሌጀር የተገነጠለው በመግቢያው የደኅንነት ክፍተት አያያዝ ላይ በተነሣ አለመግባባት ነው፤ የእርስዎ ቅጂ የትኛው እርማት እንደገባለት ካላረጋገጡ፣ ክፍተቱ እንዳለ ቆጥረው ከቢሮው ኔትወርክ ወይም ከቪፒኤን ውጪ እንዳይደረስበት ይዝጉት። ዶከር በተባለው፣ ፕሮግራምን ከነአካባቢው ለይቶ በሚያስኬድ መሣሪያ ውስጥ አሮጌውን ዴቢያን እንዳለ ማስኬድ የሚሉም አሉ፤ ኦዲተር ሲመጣ ለማየት ብቻ ለሚከፈት መዝገብ እስማማለሁ፤ በየቀኑ ለሚጻፍበት ግን አሮጌውን ችግር በአዲስ ሣጥን ማስቀመጥ ይመስለኛል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዝውውሩን ሰኔ 30 ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ቢያደርጉት የመነሻ ሚዛኑ ንጹሕ ይሆንልዎታል። እኔ ሐምሌን በሙሉ በሁለቱም ላይ እያስመዘገብኩ አስተያይቻለሁ፤ ለሠራተኛዋ አድካሚ ነበር፤ የአማርኛውን ስሕተት ያገኘነው ግን በዚያ ወር ነው። እስከዚያው የአፓቺን የስሕተት ሎግ የመጨረሻ አምስት መስመሮች የይለፍ ቃልና የድርጅቱን ስም አውጥተው እዚህ ያስፍሩልን፤ ፐርል የትኛውን ሞጁል እንዳጣ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል።